ከፊልም የመጣ መርዶ

ይድረስ ለእህቴ ለአሰፋሽ፣ መርጡለ ማርያም

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ተረጂልኝ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚቀጥል ነው። እዚህ ካምፓላ ውስጥ አንቺ ሞተሻል ተብሎ መርዶሽ ተነግሮኛል፣ ለቅሶሽም ተለቅሷል። እኔም አልቅሻለሁ። መርዶው ከየት እንደተነሣ ደርሼበታለሁ፤ መሠረት የለውም። ነገር ግን ስልካችሁ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን ስላልሰማሁ፣ በሕይወት መኖርሽን የሚያረጋግጥልኝ ነገር በእጄ የለም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደ ወትሮው ወሬ ለማድረስ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

እንግዲህ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ነሽ አሱዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ? ጤና ጣቢያው ሥራውን አላቆመም? ምጥ ያዛት ብለው ሲጠሩሽ አሁንም በጨለማ ብቻሽን ትወጫለሽ? እማዬ እንዴት ናት? ዓይኗስ? ሚልኪያስ ደህና ነው? መንገዱ ተከፍቷል? ገበያው ይቆማል? ሌላ ጊዜ ይህን ሁሉ በልማድ እደረድረው ነበር፤ ዛሬ ግን እያንዳንዱን የጠየቅሁሽ መልሱን ፈልጌ ነው። እኛ በጤናችን ደህና ነን። ሔሊና ኮሎሎ ያለው መሥሪያ ቤቷ ትመላለሳለች። እዚህ ኪዋቱሌ የዝናቡ ወራት ገብቶ ግቢያችን ቀይ ጭቃ ሆኗል።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳሽ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ማታ፣ ሔሊና ከወትሮው ቀድማ ወደ ቤት መጣች። ሽሮውን ራሷ ሠራች፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣም «አባዬ፣ ጨምር፣ ትንሽ ጨምር» እያለች ስትወተውተኝ አመሸች። የደም ግፊት መድኃኒቴን በእጇ አቀረበችልኝ። «ዛሬ ምን ነካሽ? እንደ ሕፃን ታባብይኛለሽ» ብላት፣ «ደክሞህ ነው የመሰለኝ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሠላሳ ዓመት ከዘለለ ጊዜ ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ምልክቱን አላነበብሁም። ሰው መርዶ ሊረዳ ሲል በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፤ ይህን እኔ ራሴ ለስንቱ አድርጌዋለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ንጋት ግን መርዶ ይዞ መጣ። ገና ሳይነጋ ዘበኛው በሩን ሲከፍት ሰማሁ። ከዚያ በእርጥቡ ጠጠር ላይ የብዙ ሰው እግር፤ አንድም የሚናገር የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከፊት ያለው ዓለምሰገድ ነበር፤ የዚህ ከተማ ኢትዮጵያውያን ዕድር ሊቀመንበር ነው፣ ደግ ሰው ነው። «ጋሼ ካሣዬ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። «ቆሜ እሰማለሁ» አልሁት። «የለም፣ ለእኛ ሲሉ ቁጭ ይበሉ» አለና ክርኔን ይዞ አስቀመጠኝ። «እንግዲህ እርስዎን ማንም አይመክርዎትም፤ ሰጪውም ነሺውም አንድ ነው። እህትዎ ወይዘሮ አሰፋሽ አርፈዋል።»

የሆንሁትን ልነግርሽ አልችልም። ስምሽን እየጠራሁ ደረቴን ስመታ ሁለት ሰዎች እጄን ይዘውኝ ነበር። ሔሊና እግሬ ሥር ወድቃ «አክስቴን! አክስቴን!» ትላለች። ለካ እሷ ቀድሞ ተነግሯት ሌሊቱን ብቻዋን ይዛው አድራለች።

ድምፄ ሲደክም ጥያቄ መጣብኝ። «መቼ ነው?» አልሁ። «ቅርብ ጊዜ ነው» አሉ። «ማን ነገራችሁ?» ሁሉም ወደ ዓለምሰገድ አየ። እሱም «ባለቤታቸው ናቸው ጋሼ፣ ደራሲው ሰይፈሚካኤል» አለኝ። «በምን ሞተች?» ስል ከኋላ አንዲት ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች «በወሊድ ነው፣ እኔን ይድፋኝ፤ ልጁም አልተረፈ» አለች።

«እህቴ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው» አልሁ።

«ውይ!» አለች ያቺው ሴት፣ «እኛ እኮ ቀብሯን አይተናል።» የት እንዳየችው ጠየቅኋት። «ፊልሙ ላይ ነዋ!» አለችኝ፤ እኔን እንደ መገሠጽ ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይፈሚካኤል አንቺን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሽ ትቶ በሞያሌ ከወጣ በኋላ እዚህ ካምፓላ ተቀምጦ አንድ ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ «የሰባተኛው ወር ዝናብ» ይላል። እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተያይተን መንገድ ለውጦ ሄዷል፤ መጽሐፉንም አንብቤው አላውቅም ነበር። አሁን ሌንሳ የምትባል ወጣት ፊልም አድርጋዋለች፤ ልብ ወለዱንም የራሱንም ሕይወት አቀላቅላ፣ «የደራሲው ፍቅሮች» ብላ። ካንሳንጋ አንድ አዳራሽ ተከራይታ ለኢትዮጵያውያን አሳየችው። መጨረሻው ላይ «ለሟች ባለቤቱ መታሰቢያ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። መብራቱ ሲበራ ሰይፈሚካኤልን በሁለት ሰው ደግፈው አቆሙት፤ ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ታሟል። «ሚስቴ ሞታለች፤ አልቀበርኳትም፣ አፈር አላለበስኳትም» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ «ወንድሟ እኮ እዚሁ ኪዋቱሌ ነው የሚኖረው! ትናንት እህቴ ጋ ልደውል ብዬ እምቢ አለኝ ሲል ነበር» አለ። ጥቁር አለመልበሴን ያየ ሌላው ደግሞ «ለካ አላረዱትም!» አለ። በቃ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ የአገራቸውን ሥርዓት ፈጸሙልኝ።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንነሣ ሆነ። መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለን፤ የተነገረ መርዶ የሚመለስበት ሥርዓት ግን የለንም። «ያጽናህ» ብሎ መነሣት አይሆን፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት አይሆን። ያመጡት ንፍሮ ነበርና እሱን ዘግነን በላን። ያቺ ሴት «የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል፤ የእኔ እናት ሁለቴ ተለቅሶላት ዘጠና ገብታለች» ስትል ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አፉን ያዘ። ሰው ሲበታተን ግን ዓለምሰገድ ወደ ኋላ ቀረና «ፊልሙ ይቅር ጋሼ» አለኝ ዝግ ብሎ። «እሱ ግን ቆሞ ሞታለች ብሏል። ሰው ለፊልም እንደዚያ አያለቅስም። ከአገር ቤት የሰማው ነገር ቢኖርስ?» ይህች ቃል እንደ እሾህ ተሰክታብኝ ቀረች።

ደወልሁ። ያቺው «ስልኩ አይገኝም» የምትል የተቀዳች ድምፅ ናት የምትመልስልኝ። በሞጣ በኩል ለማውቃቸው ሁሉ ደወልሁ፤ ያው ነው። አሱዬ፣ ወሬው ስሕተት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ አንቺ በሕይወት መኖርሽ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን አረጋግጫለሁ። ሁለተኛውን አላረጋገጥሁም። ተማሪዎቼን እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ ስል የኖርሁ ሰው ነኝና ራሴንም ላታልል አልቻልሁም።

ስለዚህ ወደ ምንጩ ሄድሁ። በመጀመሪያ ሌንሳን ለምኜ ፊልሙን በኮምፒውተሯ አሳየችኝ። ትሑት ልጅ ናት፤ ሕፃን ሆና ነው ከወላጆቿ ጋር በስደት የመጣችው። ፊልሙ ላይ ደራሲው ሲጽፍ የጻፋቸው ሰዎች ከወረቀቱ ወጥተው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሞተችው ሚስት ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ማዶ ናት። ሦስት ሴቶች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ጸጉር ሠሪ፣ የምግብ ቤት ባለቤት፣ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ። እያንዳንዷ «ሚስት የለህም?» ትለዋለች፣ እሱም ስለ ቀብርሽ ይነግራታል፣ ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች በኋላ ትወደዋለች። በመቃብርሽ ላይ ሦስት ፍቅር ተሠርቷል።

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ስሕተቱን አንድ በአንድ ለቀምሁ። ከመርጡለ ማርያም ቤትሽ ጀርባ ማቶኬ የሚሉት የዚህ አገር ሙዝ ይወዛወዛል። ቀብሩ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ያ የካምፓላ ራሰ በራ ወፍ ከቄሱ ኋላ ይንጎራደዳል። አንቺን ሆና የምትጫወተው ፌኒ የምትባል እዚሁ ያደገች ልጅ እንስራውን እንደ ቦርሳ በእጇ አንጠልጥላ ከወንዝ ትመጣለች። አዋላጅ መሆንሽ ጭራሽ የለም፤ ስንቷን ከምጥ ያወጣሽ ሴት በምጥ ገደሉሽ። ይህን ሁሉ እያየሁ ግን፣ ያቺ ልጅ አልጋው ላይ ዓይኗን ስትከድን አለቀስሁ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ አለቀስሁ። ሌንሳ መሐረብ አቀበለችኝና «አባቢ፣ እኔ አልፈጠርኩትም» አለችኝ። «እውነት ነው ብለው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። እያለቀሰ የሚዋሽ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

በማግስቱ ቦዳ ተሳፍሬ እሱ ዘንድ ሄድሁ። በዚህ ዕድሜዬ በሞተር ብስክሌት ላይ ብታዪኝ ትስቂ ነበር። ሰይፈሚካኤል ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ከሦስቱ ሴቶች አንዷም የለችም፤ የሱቁ ባለቤት ሚስት ናት ሾርባ የምታስገባለት። ወዲያው ነው ያወቀኝ። «ካሣዬ፣ እህትህን አልቀበርኳትም» አለኝ፣ በደህናው እጁ እጄን ይዞ።

ልቆጣው አስቤ ነበር የሄድሁት። አልቻልሁም። «አሰፋሽ አልሞተችም» አልሁት። በዓይኑ ገረመመኝ፤ በሰው ሐዘን የሚቀልድ ጨካኝ እንደሆንሁ አድርጎ። ከዚያ ቀብርሽን ይነግረኝ ጀመር። ዝናቡን፣ ከመቃብሩ አጠገብ ያለውን ዋርካ፣ የቄሱን ድምፅ። «በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዋርካ የለም፤ ጥድና ወይራ ነው ያለው» አልሁት። «አንተ አልነበርክም» አለኝ። እሱም እኮ አልነበረም። «ልጅህ ሚልኪያስ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የእናቱን ቤት በር ሳያጎነብስ አይገባም» አልሁት። «እሱንም አብረን ቀበርነው» አለ፣ ለስለስ ብሎ፣ እኔን እንደሚያጽናና ሰው።

ከአገር ቤት የሰማው ነገር እንዳለ ደጋግሜ ጠየቅሁት። ማን ነገረህ? መቼ? ደብዳቤ መጣልህ? ስልክ? ምንም አልሰማም። የሚያውቀው ራሱ የጻፈውን ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ ደረቴ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ የዓለምሰገድ እሾህ በግማሽ ወጣች። ተነሥቼ ልወጣ ስል ግን እንደገና ጠራኝና ከፊልሙ ሁሉ የከፋውን ነገር ነገረኝ። «ካሣዬ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አለኝ። «በሕይወት ብትኖርማ እንዴት ትቻት እኖራለሁ?»

በመንገድ ላይ ያሰብሁት ይህን ነው። ሰይፈሚካኤል አልዋሸም፤ ቢዋሽ ይሻለን ነበር። የተወሽ ሰው መሆን አልቻለም፤ የሞተችበት ሰው መሆን ግን ቻለ። መጀመሪያ ለአንዷ ሴት አንዲት ቃል ተናገረ ይሆናል። ለሁለተኛዋ ዝናቡን ጨመረ፣ ለሦስተኛዋ ዋርካውን ተከለ፣ በመጽሐፉ ደግሞ አፈር መለሰበት። አሁን በሽታው የቀረውን አእምሮውን ሲወስደው ያ መቃብር ብቻ ቆሞ ቀረ። በቁምሽ ቀበረሽ፤ ከዚያም ሃያ ዓመት አለቀሰልሽ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ እንደምከሰው አላውቅም። አንቺ ታውቂ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልሁ ነበር። ግን አላበቃም። ሰዎች በሹክሹክታ «ሐዘኑ አልዋጥለት ብሎ ነው፣ ምስኪን» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስምሽን ከሙታን መካከል እንዳይጠሩት ለመንሁ፤ ቄሱ እሺ አሉኝ፣ ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ዓለምሰገድ ከመርዶው ቀን ቆጥሮ «ለአርባው ምን አስበዋል?» አለኝ፤ ክፋት የለበትም፣ ድንኳንና ወንበር የሚይዘው ዕድሩ ስለሆነ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ምንም አላሰብሁም አልሁት። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሔሊና ናት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጠቆር ያለ ልብስ ብቻ ትለብሳለች። «ለሥራ ነው አባዬ» ትለኛለች። እኔም ትናንት ፎቶሽን ከግድግዳ አውርጄ ስወለውለው ራሴን አገኘሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ላቆመው ምንም አልቀረኝም ነበር። ደንግጬ በቦታው መልሼ ሰቀልሁት።

ሌንሳ ፊልሙን ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ልታሳየው፣ ከዚያም በኢንተርኔት ልትለቀው ነው። አዲስ አበባ ከታየ ሞጣ ለመድረስ፣ ከሞጣም እማዬ ጆሮ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። መታሰቢያ የሚለውን ጽሑፍ እንድታነሣ ለመንኋት። «አነሣዋለሁ አባቢ» አለችኝ፤ «ግን ማንሣት ብቻ ምን ይሠራል? ያየ ሰው ሞታለች እንዳለ ይቀራል። እሷ ራሷ ትናገር። በእጇ የጻፈችውን አንድ መስመር አምጡልኝ፣ መጨረሻው ላይ እሱን አሳያለሁ።» ተገቢ ነው ብዬ አሰብሁ። በሌላ ሰው ብዕር ሞተሻል፤ የሚሽረውም የአንቺው እጅ ነው። እምቢ ካልሽም እምቢታሽን ጻፊልኝ፤ ፊልሙ እንዳይወጣ እለምንልሻለሁ።

ስለ ሚልኪያስ ደግሞ አንቺ ወስኚ። አባቱ በሕይወት አለ፤ ብዙ የሚቆይ ግን አይመስለኝም። ልጁ ይህን ማወቅ አለበት ወይስ የለበትም፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ የያዘው ፀጋዘአብ የሚባል የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፤ አዲስ አበባ ለሞጣ ነጋዴዎች ይሰጠዋል፣ እነሱ መንገዱ በተከፈተ ቀን ያደርሱታል። የአንቺም መልስ በዚያው እንዲመለስ ተነጋግረናል።

አሁን የሚቀጥለውን ቃል መጻፍ አልወድም፤ ግን መጻፍ አለበት። ሚልኪያስ ልጄ፣ ይህን ፖስታ የከፈትኸው አንተ ከሆንህ፣ እናትህ ልትከፍተው ያልቻለች ከሆነ፣ አትደብቀኝ። ሽማግሌ አትሰብስብብኝ፣ በልቼ እንዳድር አትጠብቀኝ። እንዳለ ጻፍልኝ። እኔ አንድ ጊዜ መርዶዋን ተረድቻለሁ፤ የሚከብደው አሁን ያለሁበት መሐል ቤት ነው።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ የዚህን ደብዳቤ ነገር ግን አትንገሪያት፣ ካሣዬ ደህና ነው ብቻ በያት። ሚልኪያስን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ በሩን ከፍ አድርጎ ይሥራው እንጂ ዕድሜውን ሁሉ አጎንብሶ አይግባ። ጎረቤትሽን እትዬ አለምዘውድን ሰላም በይልኝ፤ ከአንቺ ጋር በጤና ጣቢያው የሚሠሩትንም ሁሉ፣ አንቺ ያዋለድሻቸውንም ልጆች ሁሉ። ሔሊና እጅ ትነሣለች።

አባታችን ያረፈ ጊዜ አስታውሺ። እኔ ሞጣ ሳስተምር አንቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ሽማግሌዎቹ መቼና እንዴት እናርዳው ሲሉ አንቺ ሳትነግሪያቸው ብቻሽን መጥተሽ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመሽ ነገርሽኝ። ያን ጊዜ የተናገርሽውን የመጀመሪያ ቃል ከሁለታችን በቀር የሰማ የለም። ለሰይፈሚካኤልም ነግሬው አላውቅም፤ ፊልሙም ውስጥ የለም። ለሌንሳ የፈለግሽውን መስመር ጻፊላት፤ ለእኔ ግን ያቺን ቃል በእጅሽ ጻፊልኝ። እሷን ሳይ ሔሊና ጥቁሩን ታወልቃለች፣ እኔም እተኛለሁ። አሱዬ፣ ደብዳቤው በደረሰሽ ዕለት፣ ሌላ ነገር ሳትጀምሪ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

ወንድምሽ ካሣዬ
ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ
መጋቢት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.